የገንዘብ አራቱ ተግባራትና የዕቃ በዕቃ ልውውጥ በጉራጌ ገበያዎች

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ገበያ የሸቀጡ ሁሉ ዋጋ የሚነገረው በብር ነው። ይሁን እንጂ በከተሞቹ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር አንድ የአርሶ አደር ቤተሰብ ሀብቱን ቢቆጥር አብዛኛውን በብር መልክ አያገኘውም። ሀብቱ በጓሮ የቆመ እንሰት፣ በጉድጓድ የተቀመጠ ቆጮ፣ በበረት ያለች ላም፣ በዕቁብ የሚጠበቅ ተራ፣ ለጎረቤት የተሠራና ገና ያልተመለሰ የሥራ ቀን ነው። ብር ገበያውን ከያዘ ብዙ ዘመን ቢያስቆጥርም ቁጠባውንና ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ያልያዘው ለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው ገንዘብ የሚያከናውናቸውን ተግባራት አንድ በአንድ ለይቶ በማየት ነው።

አራቱ ተግባራት

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ የገንዘብን ተግባራት በአራት ከፍሎ አስቀምጧል። አከፋፈሉ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ይሠራበታል።

የመጀመሪያው የመገበያያነት ተግባር ነው። ሻጭ ዕቃውን ሰጥቶ ገንዘብ ይቀበላል፤ በዚያው ገንዘብ ከሌላ ሰው የፈለገውን ይገዛል። በርበሬ ይዞ ቡታጅራ የገባ የማረቆ አርሶ አደር ማጭድ ለመግዛት በርበሬ የሚፈልግ ባለ ማጭድ መፈለግ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የዋጋ መለኪያነት ነው። ቆጮ፣ ቡና፣ ጨው፣ በሬና የቀን ሥራ በአንድ ቋንቋ፣ ይኸውም በብር ይነገራሉ። መለኪያው እንዲያገለግል ገንዘቡ በእጅ መኖሩ ግድ አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞች ጥጃን በእህል ሲለዋወጡ እንኳ አስቀድመው የሁለቱንም ዋጋ በብር አስልተው ይስማማሉ።

ሦስተኛው የሀብት ማቆያነት ነው። ዛሬ የተገኘ ጥሪት ለነገ እንዲደርስ በአንድ ነገር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ያ ነገር ሳይበሰብስ፣ ሳይሰረቅ፣ የመግዛት አቅሙም ሳይቀንስ ከቆየ ጥሩ ማቆያ ይባላል።

አራተኛው የዘገየ ክፍያ መፈጸሚያነት ነው። ብድር፣ ዱቤ፣ የቤት ኪራይና የዕቁብ መዋጮ ሁሉ ወደፊት የሚከፈለው ነገር ዛሬ የሚነገርባቸው ስምምነቶች ናቸው። የስምምነቱ ፍትሐዊነት የሚወሰነው የተነገረው መለኪያ ዛሬና በክፍያው ቀን ምን ያህል ተመሳሳይ አቅም እንዳለው ነው።

እነዚህ ተግባራት የግድ በአንድ ነገር ላይ አይገናኙም። አንድ ነገር ጥሩ መገበያያ ሆኖ ሳለ ደካማ ማቆያ ሊሆን ይችላል። በሬ በተቃራኒው ሀብት ያቆያል፤ ግን አንድ ኪሎ ጨው አይገዛበትም።

ዕቃን በዕቃ መለወጥ የሚያስቸግርበት ምክንያት

የዕቃ በዕቃ ልውውጥ የመጀመሪያ እንቅፋት የሁለት ፍላጎቶች መገጣጠም ነው። ቆጮ ያላት እናት በርበሬ ብትፈልግ፣ በርበሬ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታና በዚያው መጠን ቆጮ መፈለግ ይኖርበታል። ካልፈለገ ሦስተኛና አራተኛ ሰው መፈለግ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው እንቅፋት የዋጋዎች ብዛት ነው። በአንድ ገበያ 10 ዓይነት ሸቀጦች ቢኖሩና አንዱ በሌላው ብቻ የሚለወጥ ቢሆን 45 የመለወጫ ተመኖችን ማወቅ ያስፈልጋል። ሸቀጦቹ 50 ቢሆኑ ተመኖቹ 1,225 ይደርሳሉ። ሁሉም በብር ከተነገረ ግን 50 ዋጋዎች ይበቃሉ። ገንዘብ የሰውን ጊዜና ድካም የሚቆጥበው በዋነኛነት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው አለመከፋፈል ነው። ላም ያለው ሰው ለአንድ ጣሳ ቡና ብሎ የላሟን እግር ቆርጦ መስጠት አይችልም። አራተኛው የመበላሸት ጉዳይ ነው፤ የዛሬ ወተት ነገ የሚሰጠው ዋጋ ሌላ ነው።

ከዚህ በመነሣት ብዙ ጊዜ ሰዎች መጀመሪያ ዕቃን በዕቃ ብቻ ይለዋወጡ እንደነበረ፣ ችግሩ ሲበዛባቸውም ገንዘብን እንደፈጠሩ ይተረካል። የማኅበረሰብ አጥኚዋ ካሮላይን ሃምፍሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ባወጡት ጽሑፍ ግን ሙሉ ኢኮኖሚው በዕቃ በዕቃ ልውውጥ ብቻ የቆመ ማኅበረሰብ ተመዝግቦ እንደማያውቅ አስረድተዋል። የሚተዋወቁ ሰዎች ዕቃን በዕቃ እዚያው ከመለወጥ ይልቅ ሰጥተው ይጠብቃሉ፤ ውለታው በጊዜው ይመለሳል። እዚያው በዚያው የሚደረግ ልውውጥ በይበልጥ የሚታየው በማይተዋወቁ ወገኖች መካከል ነው።

የአክሱም ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። አክሱም የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲሞችን የምታስቀርጽ መንግሥት ነበረች። ሆኖም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ነጋዴው ኮስማስ እንደሚተርከው፣ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደተባለችው የወርቅ አገር ሲሄዱ የሚይዙት ከብት፣ ጨውና ብረት ነበር። ዕቃቸውን በተራ ያስቀምጡና ዘወር ይላሉ፤ የአገሩ ሰዎች መጥተው ከፈለጉት ዕቃ ላይ ወርቅ ያኖራሉ። ነጋዴው በወርቁ ከተስማማ ያነሣዋል፤ ካልተስማማ ትቶት ይጠብቃል። ቋንቋ ለማያገናኛቸው ወገኖች የአክሱም ሳንቲም የጋራ መተማመኛ አልሆነም፤ ጨው ግን ሆነ።

ከአሞሌ እስከ ብር

ጨው በኢትዮጵያ ከሸቀጥነት አልፎ ገንዘብ የሆነው በአሞሌ መልክ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ የሚጓዘው የጨው ጡብ ለብዙ መቶ ዓመታት በሰፊው የአገሪቱ ክፍል አገልግሏል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላው ግዛት እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል። ከሚጠረብበት ሥፍራ እየራቀ በሄደ ቁጥር ጥቂት ጡብ ብዙ ዕቃ እንደሚገዛም መዝግቧል። የስኮትላንዱ አዳም ስሚዝም በ1776 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የሐበሻን ጨው ከዓለም ልዩ ልዩ ገንዘቦች ተርታ ጠቅሶታል።

አሞሌን በአራቱ ተግባራት ብንመዝነው ጥንካሬውና ድክመቱ ይለያል። በመገበያያነቱ ጠንካራ ነበር፤ ማንም ሰው፣ ከብትም ጭምር ጨው ስለሚያስፈልገው የሚከለክለው አልነበረም። ለአነስተኛ ግብይት እየተቆረሰ ይሰጥ ነበር። በዋጋ መለኪያነቱ ግን ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በማቆያነቱ ደግሞ ክረምት ጠላቱ ነው፤ እርጥበት ያሟሟዋል፣ በጉዞም ይሰበራል። ዛሬ አሞሌ ወደ ሸቀጥነቱ ተመልሶ ለከብት ማላሻነት በየገበያው ይሸጣል።

ከአሞሌ ጎን የቆመው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ ነው። ሕዝቡ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ይለዋል። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 ዓመተ ምሕረት ቁጥር ሳይለወጥ ለረጅም ዘመን ሲቀረጽ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከአምስቱ አራት እጅ በላይ ንጹሕ ብር ነው። የማይበሰብስና ክብደቱ የታወቀ በመሆኑ ለማቆያነት ተመረጠ፤ ተቀባዮችም በምስሉ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች እስከ መቁጠር ድረስ ይመረምሩት ነበር። ይሁን እንጂ ለአንድ ቁና እህል ወይም ለአንድ ጭነት እንጨት መግዣ እጅግ ትልቅ ነበር። ስለዚህ ማርትሬዛ ለትልቁ፣ አሞሌ ለዝርዝሩ ሥራ ተከፋፍለው ኖሩ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የጠመንጃ ጥይት ሳይቀር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ዘግበዋል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ ለማውጣት አዋጅ አወጁ፤ ሳንቲሞቹም በፓሪስ ተቀረጹ። ብር፣ አላድ፣ ሩብና ተሙን የተባሉት ክፍልፋዮች የተዘጋጁት ይህንኑ የዝርዝር ችግር ለመፍታት ጭምር ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ያም ሆኖ ገጠሬው ለረጅም ጊዜ ማርትሬዛን መምረጡን አልተወም። በጣሊያን ወረራ ዘመንም የሊራ ወረቀት ገንዘብ በግድ ቢሠራጭ ሕዝቡ አልተቀበለውም። የብር ገንዘቡን ሙሉ ሥልጣን በወረቀት መልክ ያጸናው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የገንዘብ አዋጅ ነው።

ገንዘብ ወደ ጉራጌ ገጠር በስፋት ከገባባቸው በሮች አንዱ ግብር ነው። ግብር በገንዘብ ሲጠየቅ፣ ገንዘብ የማይሸጥበትና የማይገዛበት ጓሮ ሳይቀር ጥሬ ብር ማግኘት ግድ ሆነበት። የጉራጌ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ በቀን ሥራና በንግድ የተሰማሩበትን ምክንያት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከመሬት ጥበት ጋር ይህንን ግዴታ አብረው ያነሣሉ። ከከተማ ብር፣ ልብስና ጨው ወደ ገጠር፣ ከገጠር ደግሞ ቆጮና ቅቤ ወደ ከተማ የሚመላለሱበት ሰንሰለት የተዘረጋው በዚህ መንገድ ነው።

የአካባቢው ምርቶች በገንዘብነት ሲመዘኑ

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። ወልቂጤ በአዲስ አበባ–ጅማ መንገድ ላይ ስትገኝ በዙሪያዋ ጫት፣ ቡናና እንሰት በስፋት ይመረታሉ። ቡታጅራ በመስቃንና በማረቆ በርበሬ ትታወቃለች። ማረቆ ፋና የሚል ስም የተሰጠው የበርበሬ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው። እነዚህ ምርቶች በአርሶ አደሩ እጅ ሀብትን የማቆየት አቅማቸው እጅግ ይለያያል።

ጫት ከሁሉም ደካማው ማቆያ ነው። ከተቀጠፈ በአንድና በሁለት ቀን ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ወዲያው ወደ ብር መለወጥ አለበት። ጫት አምራቹ በዚህ ምክንያት ከሌላው አርሶ አደር ይልቅ በብር ላይ ጥገኛ ነው። የምግብ እህሉንም የሚገዛው በዚያው ብር ነው።

በርበሬ መካከለኛ ነው። በደንብ ከደረቀ ለወራት ይቆያል፤ ሳይደርቅ ከተከማቸ ግን ይሻግታል፣ ለጤና ጎጂ የሆነ የሻጋታ መርዝም ያፈራል። ዋጋውም ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። የበርበሬ አምራች ምርቱን ለምግብነት የሚያውለው ጥቂቱን ብቻ በመሆኑ መሸጡ አይቀርም፤ ምርጫው መቼ መሸጥ የሚለው ላይ ብቻ ነው።

እህል ከበርበሬ የተሻለ ይከፋፈላል፣ ይበላል፣ ይለወጣልም። ጠላቱ ነቀዝ ነው። ሁለት የውስጥ ፕላስቲክና አንድ የውጭ ማዳበሪያ ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዙ አየር አጥቶ እንዲሞት ስለሚያደርግ የእህልን የማቆየት አቅም በእጅጉ ያሻሽላል። አንድ ከረጢት መግዛት በዚህ መልኩ ሲታይ የቁጠባ ውሳኔ ነው።

እንሰት የተለየ ቦታ አለው። እንደየዝርያውና እንደየአካባቢው ከፍታ ለመድረስ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በጓሮ የሚገኙት ተክሎች ዕድሜ የተለያየ በመሆኑ ቤተሰቡ የደረሰውን ነቅሎ ቀሪውን ያሳድጋል። እንደ እህል አንድ ወቅት ጠብቆ የግድ አይሰበሰብም፤ ድርቅንም ከብዙ ሰብሎች ይልቅ ይቋቋማል። ከተፋቀ በኋላም በኮባ ተሸፍኖ በጉድጓድ የተቀመጠ ቆጮ ለወራት፣ በእንክብካቤ ከተያዘም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይቆያል። ቡላውና ቃጫው ለገበያ ይወጣሉ። እንሰት በገበያ ለመክፈያነት ባያመችም በማቆያነቱ ከብዙ ነገሮች የተሻለ ነው። ስጋቱ የአጠውልግ በሽታ ነው፤ በባክቴሪያ የሚመጣው ይህ በሽታ በተበከለ ቢላና በመሣሪያ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። መሣሪያን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጽዳት የቤተሰቡን ጥሪት መጠበቅ ነው።

ከብት ይራባል፣ ወተትና ቅቤ ይሰጣል፣ ፍግውም እንሰቱን ያለማል። በሌላ በኩል ይታመማል፣ ይሰረቃል፣ መኖ ይጠይቃል፤ ለአስቸኳይ ትንሽ ወጪም ከፍሎ መሸጥ አይቻልም።

ዛሬም የሚሠራባቸው ልውውጦች

በከተሞች ጎልቶ የሚታየው የዕቃ በዕቃ ልውውጥ ልዋጭ ነው። የፕላስቲክ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ሳህንና ብርጭቆ የተሸከሙ ነጋዴዎች በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያሉ ይዞራሉ፤ ያገለገለ ልብስና ጫማ ተቀብለው አዲስ ዕቃ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ የፍላጎት መገጣጠም ችግር የተፈታው ነጋዴው ብዙ ዓይነት ዕቃ ይዞ ቤት ድረስ በመምጣቱ ነው። ያረጀ ልብስ ባለቤት ዋጋውን በብር አያውቀውም፤ የሚገዛው ሰውም በቅርብ የለም። ነጋዴው ግን መልሶ የሚሸጥበትን ገበያ ያውቃል። በዕቃ በዕቃ ልውውጥ የዋጋ መረጃ ያለው ወገን ብዙ ጊዜ የሚያተርፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

በገጠር የጉልበት ልውውጥ ይበልጣል። በወንፈል አንድ ሰው ለጎረቤቱ የሠራው ቀን በቀን ይመለስለታል፤ ደቦ ደግሞ በምግብና በመጠጥ የሚስተናገድ የጋራ ሥራ ነው። በመቀናጆ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት አርሶ አደሮች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ ያርሳሉ። በየእኩል እርሻ አንዱ መሬት፣ ሌላው ጉልበትና በሬ አዋጥተው ምርቱን ይካፈላሉ። በርቢ ደግሞ የከብቱ ባለቤት ላሟን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ጠባቂው ወተቱንና ፍጉን ይጠቀማል፣ ጥጃዎቹ በስምምነቱ መሠረት ይከፈላሉ። በከተማ የሚኖሩ ሰዎች ከብታቸውን በዘመድ ዘንድ የሚያኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ካለመኖሩ የመጡ አይደሉም። የእርሻ ወቅት ሲደርስ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ በሬና ጉልበት ይፈልጋል፤ ጥሬ ብር ግን በዚያ ወቅት ከሁሉም እጅ የራቀ ነው። የሥራ ቀን በሥራ ቀን ሲመለስ የዋጋ ጭማሪም ሆነ የጥሬ ብር እጥረት ስምምነቱን አያዛባውም። በሕግ በኩልም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕቃን በዕቃ መለወጥን እንደ ውል የሚቀበል ሲሆን፣ እህልን የመሰለ ነገር ተበድሮ በዓይነቱና በመጠኑ መመለስንም ያውቃል።

ዕቁብና ዊጆ

ዕቁብ ብዙ ጊዜ ከጉራጌ ነጋዴዎች ጋር ተያይዞ የሚነሣ የቁጠባና የብድር ሥርዓት ነው። አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ በዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ሙሉውን ይወስዳል። ዳኛውና ጸሐፊው ሥርዓቱን ይጠብቃሉ። መጀመሪያ የወሰደ ሰው ያለ ወለድ ተበዳሪ፣ መጨረሻ የሚወስድ ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪ ነው።

የገንዘብ አራተኛ ተግባር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ለምሳሌ 12 አባላት በወር 2,000 ብር ቢያዋጡ የእያንዳንዱ ዕጣ 24,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር አንድ ኩንታል እህል 6,000 ብር ቢሆን የመጀመሪያው ባለ ዕጣ 4 ኩንታል ይገዛል። በመጨረሻው ወር ኩንታሉ 8,000 ብር ቢደርስ የመጨረሻው ባለ ዕጣ 3 ኩንታል ብቻ ይገዛል። ሁለቱም እኩል አዋጥተው እኩል ብር ወሰዱ፤ ያገኙት ግን እኩል አልሆነም። አንዳንድ ዕቁቦች የዕጣ ጊዜን የሚያሳጥሩት፣ አባላትም ቀዳሚ ተራን የሚሻሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

በሴቶች ዘንድ ዊጆ የተባለው የወተትና የቅቤ ዕቁብ በአካባቢው ይታወቃል። የአንዲት ላም የቀን ወተት ለመናጥ ያንሳል፤ ብዙ ሴቶች በልክ እየሰፈሩ በተራ ለአንዷ ሲሰጡ ግን ቅቤ ለማውጣት የሚበቃ ወተት ይገኛል። የተሰፈረው በዚያው ልክ ስለሚመለስ የቅቤ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ማንም አይጎዳም። ከመስቀል በዓል በፊት ይህ ጥሪት ልዩ ትርጉም አለው፤ ክትፎ ያለ ቅቤ ስለማይሆን የቅቤ ፍላጎትና ዋጋ በዚያ ሰሞን ይጨምራል። ለመስቀል በሬ መግዣ በዓመቱ ውስጥ የሚሰበሰበው የወንዶች ዕቁብ ግን በብር በመሆኑ የበሬ ዋጋ ካሻቀበ የዓመቱ መዋጮ በሬውን ላይሞላ ይችላል።

የዋጋ ንረት ልውውጥን ለምን ይመልሳል?

ብር በመገበያያነቱና በመለኪያነቱ እስከ ዛሬ ተፎካካሪ የለውም። የተዳከመው በሦስተኛውና በአራተኛው ተግባሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በቤት የተቀመጠ ብር ቁጥሩ ሳይቀንስ የሚገዛው ነገር ቀነሰ።

የወረቀት ገንዘብ የሚቆመው በመንግሥት ቃልና በሕዝብ እምነት መሆኑን መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የብር ኖት ለውጥም አሳይቷል። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ተጨመረ፤ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ብሩን በሳጥን የሚያስቀምጥ ሰው ጊዜው ካለፈ በእጁ የሚቀረው ወረቀት ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ አበዳሪው ይፈራል። በብር አበድሮ በብር ሲቀበል ስለሚጎዳ ከፍ ያለ አራጣ ይጠይቃል፤ ወይም ክፍያው በእህል እንዲሆን ይፈልጋል፤ አለዚያም በወለድ አግድ መሬቱን ይዞ ዕዳው እስኪከፈል ያርሰዋል። የተበዳሪው ጉዳት በወለድ አግድ ይበረታል፤ ዕዳውን የሚከፍልበትን ምርት የምታበቅለው መሬት በአበዳሪው እጅ ናትና። ገንዘብ የዘገየ ክፍያን ተግባር በሚገባ ባለመፈጸሙ የሚመጣው ኪሳራ በዚህ መንገድ በድሃው ማሳ ላይ ያርፋል።

የወቅት ጉዳይም አለ። ለማዳበሪያና ለሌላ ወጪ የተወሰደ የ6,000 ብር ዕዳ በጥር ሊከፈል ቢገባ፣ ምርት በገፋበት በዚያ ወር ኩንታሉ ለምሳሌ 4,000 ብር ቢሆን አርሶ አደሩ አንድ ኩንታል ተኩል ይሸጣል። ዕዳው የሚከፈለው በሰኔ ቢሆንና ኩንታሉ 6,000 ብር ቢደርስ አንድ ኩንታል ይበቃው ነበር። በጥር ሸጦ በሰኔ የሚገዛ ቤተሰብ በዕዳው ቀን ምክንያት ግማሽ ኩንታል ያጣል ማለት ነው።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና ሌሎች የሞባይል አገልግሎቶች ከአዲስ አበባ የሚላከው ገንዘብ ገጠር እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ወደ ደቂቃዎች አሳጥረዋል፤ የስርቆት ስጋትንም ይቀንሳሉ። ይህ የመገበያያነት መሻሻል ነው። በስልክ ውስጥ ያለው ሒሳብ ግን ያው ብር ስለሆነ የዋጋ ንረት እዚያም ያገኘዋል።

ለቤተሰብ ውሳኔ ምን ይጠቅማል?

ተግባራቱን መለየት ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማውን ሀብት ለመምረጥ ይረዳል። ለዕለት ወጪ፣ ለሕክምናና ለትምህርት ቤት የሚያስፈልገው በብር መያዝ አለበት፤ በሬ በሌሊት ለታመመ ሕፃን መድኃኒት አይገዛም። ለወራት የሚቆየው ጥሪት በደንብ በደረቀና ከነቀዝ በተጠበቀ እህል፣ ለዓመታት የሚቆየው ደግሞ በእንሰትና በከብት ቢሆን ይመረጣል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ማስቀመጥ ግን አደጋ አለው፤ አጠውልግ የገባበት ጓሮም ሆነ በሽታ የገባበት በረት ጥሪትን በአንድ ዓመት ሊጨርስ ይችላል።

ስምምነት ሲደረግም ክፍያው በምን እንደሚነገር አስቀድሞ መወሰን ይገባል። በብር ከሆነ የክፍያው ወር፣ በእህል ከሆነ ዓይነቱ፣ ጥራቱና መስፈሪያው ተለይቶ በጽሑፍ ቢሰፍርና ምስክር ቢኖረው ጠብን ይከላከላል። የአንዱ ቁና ከሌላው ቁና ሊለይ ስለሚችል በኪሎ መነጋገር ይሻላል። በርቢ የሚሰጥ ላም ብትሞት ኪሳራው የማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ጥጃ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ያልተነጋገሩ ሰዎች በኋላ በሽማግሌ ፊት መቆማቸው የተለመደ ነው።

የዕቃ በዕቃ ልውውጥ በጉራጌ ገጠርም ሆነ በከተሞቹ የቀጠለው ሰዎች የብርን ጥቅም ስላልተረዱ አይደለም። ብር ለየትኛው ሥራ እንደሚበቃና ለየትኛው እንደማይበቃ በኑሯቸው ስለለዩ ነው። የዋጋ ንረት ሲበርድ ቁጠባና ብድር ወደ ብር ይሳባሉ፤ ሲጋጋል ወደ እህል፣ ወደ ከብትና ወደ ጓሮ ይመለሳሉ። አንድ አበዳሪ ክፍያውን በብር መቀበሉን ትቶ በኩንታል መጠየቅ ሲጀምር፣ የብር አቅም ከገበያው ማዶ ምን ያህል እንደተዳከመ ከማንኛውም የዋጋ መረጃ ቀድሞ ያመለክታል።